ልጄ የስሪላንካን ኦ ሌቭል በየትኛው ቋንቋ ትፈተን? በታሚል፣ በሲንሃላ ወይስ በእንግሊዝኛ?

እናት_ዶሃ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ። ባለቤቴ ስሪላንካዊ ነው፣ በአገሩ ምሥራቅ ካለችው ከባቲካሎዋ፣ ከታሚል ብሔረሰብ። እዚህ ዶሃ ሥራ ላይ ተዋውቀን ነው የተጋባነው፤ ልጃችንም እዚሁ ተወልዳ አደገች። አሁን 14 ዓመቷ ነው፣ 9ኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። የባለቤቴ ኮንትራት ስላለቀ ጠቅልለን ኮሎምቦ ልንገባ ነው። አማቴ ዌላዋቴ የሚባል ሰፈር ቤት አላት።

ጭንቀቴ የልጅቷ ትምህርት ነው። እስካሁን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው። ታሚል ከአባቷ ጋር ታወራለች፣ ታነባለችም ግን ቀስ እያለች ነው፤ መጻፉ ላይ ገና ነች። ሲንሃላ፣ የአብዛኛውን የአገሩን ሕዝብ ቋንቋ፣ ጭራሽ አታውቅም። ባለቤቴ «እኔም በታሚል ተፈትኜ ነው እዚህ የደረስኩት፣ በአባቷ ቋንቋ ትማር» ይላል። አማቴ ደግሞ «ሲንሃላ የማያውቅ ሰው መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ ጉዳዩን አይጨርስም» ትላለች። እኔ በለመደችው በእንግሊዝኛ ትቀጥል ባይ ነኝ። ኦ ሌቭል የሚሉት ፈተና 11ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው፤ ጊዜ የለንም ማለት ነው። እዚያ የኖራችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

ኮሎምቦ_የኖርኩ
እህቴ፣ እንኳን በሰላም ለመመለስ አበቃችሁ። እኔ በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ኮሎምቦ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሁለቱም ልጆቼ ኦ ሌቭልና ኤ ሌቭል (ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና) የተፈተኑት እዚያ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ኦ ሌቭል ላይ አንድ ተማሪ በተለምዶ 9 ትምህርት ይፈተናል። 6ቱ ግዴታ ናቸው፦ ሃይማኖት፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስና ታሪክ። ሦስቱን ራሱ ይመርጣል። (ሃይማኖቱ አያስጨንቅሽ፤ ቡድሂዝም፣ ሂንዱ፣ እስልምና፣ ካቶሊክ እና ካቶሊክ ላልሆኑ ክርስቲያኖች የተለየ የክርስትና ፈተና አለ።) ወደ ኤ ሌቭል ለማለፍ 6 ትምህርት ማለፍ አለባት፤ ከእነሱ ውስጥ ሂሳብና የአፍ መፍቻ ቋንቋ የግድ መኖር አለባቸው፣ ሦስቱ ደግሞ «ሲ» ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። ስለዚህ በመንግሥቱ ሥርዓተ ትምህርት «በእንግሊዝኛ ትማር» ብትዪም የታሚል ወረቀቱ ይጠብቃታል። ድርሰት አለው፣ ሥነ ጽሑፍ አለው፣ ሰዋስው አለው። ቤት ውስጥ በሚወራው ታሚል የሚሠራ አይደለም፤ የሚነገረውና የሚጻፈው ታሚል በጣም ይራራቃሉ።

ፈተናው በሦስቱም ቋንቋ ይቀርባል። በእንግሊዝኛ መማር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ በ2001 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለኤ ሌቭል ሳይንስ ተፈቀደ፣ በ2002 ደግሞ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ሂሳብን፣ ሳይንስንና ጥቂት ሌሎችን በእንግሊዝኛ፣ ታሪክን፣ ሃይማኖትንና ቋንቋን በሲንሃላ ወይም በታሚል ማለት ነው። አንድን ትምህርት በተማርሽበት ቋንቋ ትፈተኛለሽ።

ሚኪ_ቶሮንቶ
ለምን ትቸገሪያለሽ? ኮሎምቦ ውስጥ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ሞልቷል። የለንደኑን ኦ ሌቭል ትውሰድ፣ የእንግሊዞቹን የካምብሪጅ ወይም የኤድኤክሴል ፈተና። ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ታሚልም የለ ሲንሃላም የለ። የልጅን ጊዜ በቋንቋ ማባከን ምን ይባላል?

ኮሎምቦ_የኖርኩ
ሚኪ፣ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ውጭ አገር የምትገባ ከሆነና ወላጆቿ የሚከፍሉት ካላቸው ያልከው ይሠራል። ግን ስሪላንካ ውስጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ልትማር ከሆነ የምትወዳደረው በአገሬው ኤ ሌቭል ነው። በውጭ አገር ፈተና ለሚመጡ ያለው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የለንደኑን የሚወስዱት ልጆች አብዛኞቹ ወይ ወደ ግል ኮሌጅ ይሄዳሉ ወይ አገር ይለቃሉ። ትምህርት ቤቶቹም ወጪያቸው ቀላል አይደለም። ይህን በር አሁን ዘግታ ኋላ ከምትጸጸት ቢያንስ አውቃ ትዝጋው።

ታሪክ_አንባቢ
ይህ የቋንቋ ነገር እዚያ አገር እንዲህ የሚያጨቃጭቀው ለምን እንደሆነ ካላወቅሽ የባለቤትሽም ንግግር ግትርነት ሊመስልሽ ይችላል። በቅኝ ግዛት ዘመን በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች የሚከፈልባቸው ነበሩ፤ የድሃ ልጅ በሲንሃላ ወይም በታሚል በነፃ ይማራል፣ ግን ትልቁ ሥራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ካናንጋራ ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ነው የተነሱት። በ1945 ትምህርት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ሆነ፣ ገጠር ውስጥ ማዕከላዊ የሚባሉ ጥሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርም ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ዓመት በዓመት ወደ ላይ እየወጣ ሄደ። እኔ ይህን ትልቅ ሥራ ነው የምለው። የገበሬ ልጅ ሐኪም የሆነበት ጊዜ መጣ።

መዘዙ ግን አብሮ መጣ። የሲንሃላው ልጅ በሲንሃላ፣ የታሚሉ በታሚል ሲማር አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ አንድ ክፍል መቀመጥ ቀረ። በ1956 ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬ ሲንሃላን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አደረጉ። ከዚያ 1971 ላይ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ራሱ በቋንቋ ተለየ። ፔራዴኒያ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ለመግባት በሲንሃላ የተፈተነ ከ400 ነጥብ 227 ሲበቃው በታሚል የተፈተነ 250 ተጠየቀ። የታሚል አራሚዎች ለወገናቸው ያዳላሉ የሚል ጥርጣሬ ነበር ምክንያቱ። ያንኑ ፊዚክስ፣ ያንኑ ሂሳብ ተፈትኖ በጻፈበት ቋንቋ ምክንያት 23 ነጥብ ተጨማሪ የተጠየቀ የ19 ዓመት ልጅ ምን ይሰማዋል? የሰሜኑ የታሚሎች ከተማ የጃፍና ወጣቶች ቁጣ ከዚያ ነው የተቀጣጠለው፤ ከ1983 እስከ 2009 ለቆየው ጦርነት ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የፈተና ነጥብ ነው።

የባለቤትሽ ወላጆች በዚያ ዘመን ያለፉ ናቸው። በታሚል መፈተን ለእነሱ የትምህርት ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ይህን ይዘሽ አነጋግሪው።

እናት_ዶሃ
ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወራም፤ አባቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ መቅረቱን አውቃለሁ። አሁንስ እንደዚያ ነው? በታሚል የተፈተነ ይበደላል?

ኮሎምቦ_የኖርኩ
በቋንቋ መለየቱ ቀርቷል። አሁን ነጥቡ «ዜድ ስኮር» በሚሉት ነው የሚሠራው፤ ከ2001 ፈተና ጀምሮ። በቀላሉ ስነግርሽ፣ በአንድ ትምህርት ያገኘሽው ውጤት ከተፈታኙ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ይሰላል፣ የሦስቱ የኤ ሌቭል ትምህርቶች አማካይ ይወሰዳል። ከባድ ትምህርት የመረጠ እንዳይጎዳ ነው። የሚያነጻጽረው በትምህርት ዓይነት ነው እንጂ በቋንቋ አይደለም።

ግን አንድ ልብ የምትዪው ነገር አለ፤ ዲስትሪክት፣ ማለትም የአስተዳደር ክልሉ። ከዩኒቨርሲቲው ቦታ 40 በመቶው በአገር አቀፍ ውጤት ይሞላል፣ 55 በመቶው ለየዲስትሪክቱ በሕዝብ ብዛት ይከፋፈላል፣ 5 በመቶው ደግሞ በትምህርት ወደ ኋላ ለቀሩ 16 ዲስትሪክቶች ይጨመራል። (አርትስ፣ ማለትም የቋንቋና የማኅበራዊ ትምህርት ዘርፉ ላይ ይህ አይሠራም፣ እሱ በአገር አቀፍ ውጤት ነው።) ኮሎምቦ ከሚከብዱት አንዱ ነው። የባለቤትሽ ባቲካሎዋ ከ16ቱ ውስጥ ናት። ዲስትሪክቷ የሚወሰነው ከኤ ሌቭል በፊት ባሉት 3 ዓመታት የተማረችበት ቦታ ታይቶ ነው። ሂጂ ባቲካሎዋ ኑሪ እያልኩሽ አይደለም፤ ግን ቤተሰቡ እዚያ መሬትና ዘመድ ካለው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ኤ ሌቭል የሚፈተነው ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ነው፤ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ወደ 40 ሺህ ነው። እዚያ ጋ ነው ትግሉ።

መምህር_ደሴ
ጤና ይስጥልኝ። እኔ የ2ኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የስሪላንካን አላውቅም፤ ስለ ቋንቋውና ስለ ፈተናው ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ ልጆቹ ታች ያለውን ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩና 9ኛ ክፍል ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፣ ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። ግን በየቀኑ የማየው ነገር አለ። አንድ ተማሪዬ ስለ ፍጥነትና ርቀት የቀረበ ጥያቄ ላይ ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። ጠርቼ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ነገርኩት፤ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ እዚያው ፊቴ ሠርቶ አሳየኝ። ፊዚክሱን ያውቀዋል፤ የተሰናከለው ጥያቄው ላይ ነው።

ስለዚህ እመቤቴ፣ ልጅዎ ሂሳብና ሳይንስን ያሰበችበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ በፈተናው ዋዜማ አይለውጡባት። በ14 ዓመት ላይ «ቬክተር»ን፣ «አሲድ»ን፣ «ሴል»ን በሌላ ቋንቋ እንደገና መማር ሁለት ዓመት የሚበላ ሥራ ነው።

ሹፌር_አልኮር
ከመምህር ጋር እስማማለሁ ግን በታሚል መማርን ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት። እኔም ኳታር ነው ያለሁት፣ አልኮር። አብሮኝ የሚሠራ፣ ከስሪላንካው ሻይ አብቃይ ደጋ ከኑዋራ ኤሊያ የመጣ ታሚል ልጅ አለ፣ እናቱ የሻይ ቅጠል ለቃሚ ናት። እንደ እሱ ሂሳብ የሚወድ ሰው አላየሁም፤ የጭነቱን ኪሎና የነዳጁን ሒሳብ በቃሉ ነው የሚሠራው። ኤ ሌቭል ሳይንስ ሊማር ፈልጎ በአካባቢው በታሚል ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያስተምር መምህር ስላልነበረ አርትስ ገባ፣ ከዚያ እዚህ መጣ። የሲንሃላው ትምህርት ቤት መምህር ነበረው፤ እሱ ደግሞ ሲንሃላ አይችልም። ቋንቋው ታሚል መሆኑ አይደለም የጣለው፣ በዚያ ቋንቋ የሚያስተምረው ሰው መጥፋቱ ነው። እህታችን «በየትኛው ቋንቋ» ከማለቷ በፊት «በዚያ ቋንቋ ማን ያስተምራታል» ብላ ትጠይቅ።

ኮሎምቦ_የኖርኩ
ሹፌር እጅህን ይባርከው፣ ነገሩን ቁልጭ አደረግከው። እኔም ልጆቼን ሳስተምር የገባኝ ይኸው ነው። ወረቀቱ በሦስት ቋንቋ ይታተማል፣ መምህሩ ግን በሦስት ቋንቋ እኩል አልተዳረሰም። መጽሐፉም እንደዚያው። በሲንሃላ የሞዴል ፈተና፣ የማስታወሻ ጥራዝ፣ የድሮ ፈተና ከነመልሱ በየመጽሐፍ መደብሩ ክምር ነው። በታሚል ጃፍናና ኮሎምቦ በደንብ ይገኛል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። በእንግሊዝኛ ደግሞ የአገሬውን ሥርዓተ ትምህርት ተከትሎ የተዘጋጀ ነገር ጥቂት ነው፤ ልጆቼ የሲንሃላውን በጓደኞቻቸው እያስተረጎሙ ነበር የሚሠሩት። የታሚሉ ወረቀት ትርጉሙ ላይ ስህተት አለ የሚል ቅሬታም በየጊዜው ይነሳል፣ ይህንንም እወቂው።

እናት_ዶሃ
ይህ ቱሽን የሚሉት የሚከፈልበት የማጠናከሪያ ትምህርትስ? የባለቤቴ እህት ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ማታ እዚያ ናቸው አሉኝ። ግዴታ ነው?

ኮሎምቦ_የኖርኩ
በሕግ ግዴታ አይደለም፣ በኑሮ ግን ግዴታ ሆኗል። ኑጌጎዳ የሚባል ቦታ አለ፣ ከኮሎምቦ ወጣ ብሎ። ቅዳሜ ጠዋት ሂጂና እዪው። ግድግዳው፣ የመብራት እንጨቱ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው በአስተማሪዎች ፎቶ ተሸፍኗል፤ «ኬሚስትሪ በሲንሃላ»፣ «ፊዚክስ በእንግሊዝኛ» እያለ፣ እንደ ዘፋኝ ፖስተር። አዳራሹ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ልጅ ጀርባ በሌለው አግዳሚ ወንበር ላይ ክርን ለክርን ተጣብቆ ይቀመጣል። አስተማሪው ማይክ ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የሚያስተምረው፣ ኋላ ያለው ልጅ የሚያየው በስክሪን ነው። በር ላይ የታተመ ማስታወሻ ይታደላል፣ «ቲዩት» ይሉታል፤ ልጆቹ የሚያጠኑት መጽሐፉን ሳይሆን ቲዩቱን ነው። ከመንግሥት ፈተና ጥቂት ቀናት በፊት ቱሽንም ሞዴል ፈተና ማደልም ይከለከላል፤ የፈተናዎች መምሪያው በየዓመቱ ማስታወቂያ ያወጣል።

እኔ ይህን ነገር አልወደውም። ልጄ በሳምንት ሰባት ቀን ስትማር ዓይኗ እያየሁ ደክሟል። ግን አንድ ጥሩ የሳይንስ መምህር በትንሽ ቡድን ብታገኚላት ይበቃል፤ ሁሉንም ትምህርት ማስጠናት ልጅ ማድከም ነው። የድሮ ፈተናዎችን ግን አትተዉ። ኤ ሌቭል ሳይንስ ላይ 50 የምርጫ ጥያቄ በ2 ሰዓት ነው፣ እያንዳንዱ 5 ምርጫ አለው። ሰዓት ይዛ ካልተለማመደች እውቀቷ ብቻ አያደርሳትም።

ቅድስት_ሪያድ
በ2022 ኢኮኖሚያቸው ሲወድቅ አብራኝ የምትሠራ ስሪላንካዊት ስልክ ላይ እያለቀሰች ልጇን ታጽናና ነበር። መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ይጠፋ ነበር። ኮሎምቦ ባለበት የምዕራብ አውራጃ ወረቀትና ቀለም አጥተው የትምህርት ቤት ፈተና እስከ ማራዘም ደረሱ፤ የዚያ ዓመት ኤ ሌቭልም የተሰጠው 2023 ገብቶ ነው። ልጇ በስልክ መብራት እያጠና ነበር የተፈተነው። ገንዘቡን ከዚህ የምትልከው ለቱሽን ነበር፤ ለሌላ ነገር አልነበረም። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ እነዚህን ልጆች አከብራቸዋለሁ።

እናት_ዶሃ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ረጅም ሰዓት አወራን። የአባቱን ነገር ጠየቅኩት፣ ብዙ ነገር ነገረኝ፣ እዚህ የምጽፈው አይደለም። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሂሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ፣ ታሪክና ቋንቋ በታሚል፣ በመንግሥቱ ሥርዓተ ትምህርት። ለታሚል ጽሕፈቷ ከአሁኑ አክስቷ በቪዲዮ ልታስጠናት ጀምራለች። ሲንሃላውን ሰፈር ውስጥ ከልጆች ጋር ትልመደው ብለናል። ልጅቷን ስንጠይቃት «ባዮሎጂን በታሚል ብቻ አታስጀምሩኝ» አለች፣ ሌላው ግድ የላትም። ትምህርት ቤት ስናነጋግር ምን እንጠይቅ?

ኮሎምቦ_የኖርኩ
ጥሩ አስባችኋል። አንደኛ፣ እንግሊዝኛው ክፍል 10ኛና 11ኛ ላይ በትክክል እየሄደ መሆኑን ጠይቂ። 6ኛ ክፍል ላይ ጀምረውት 9ኛ ላይ መምህር አጥተው ልጆቹን ወደ ሲንሃላ ወይም ወደ ታሚል የሚመልሱ አሉ። «አለን» ካሉሽ የሳይንሱን መምህር አገናኙኝ በይ፣ ክፍሉ ውስጥም አስር ደቂቃ ተቀመጪ፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆኖ ማብራሪያው ሁሉ ሲንሃላ ከሆነ ልጅሽ ምንም አትሰማም። ይህ በብዛት ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ የታሚል ክፍል አለው ወይ? እንግሊዝኛ ኖሮት ታሪክና ቋንቋ በሲንሃላ ብቻ የሚያስተምር ከሆነ አይሆናችሁም። እንግሊዝኛም ታሚልም ያለውን ዌላዋቴና አካባቢው ፈልጊ፣ ብዙ አይደሉም፣ ቦታም ቶሎ ይሞላል። ከዶሃ ሳትነሱ ባለቤትሽ ይደውል። የልደት ወረቀቷን፣ የዜግነት ማስረጃዋን እና የክፍል ውጤቷን ከኳታር አረጋግጣችሁ ያዙ፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ከኳታር ወረቀት ማስመጣት ወራት ይፈጃል።

መምህር_ደሴ
እኔ የምጨምረው፣ ያለፉትን ዓመታት የሳይንስ ፈተና በእንግሊዝኛውም በታሚሉም አውርደው ጎን ለጎን ያስቀምጡላት። ቃሎቹን ከሁለቱም ወገን ትለምዳለች፤ አስተማሪዋ በታሚል ቢያስረዳትም ግራ አትጋባም።

እናት_ዶሃ
መምህር፣ ዛሬውኑ አትማቸዋለሁ። ኮሎምቦ_የኖርኩ፣ የዌላዋቴውን ነገር በውስጥ መስመር ልጻፍልሽ?

ኮሎምቦ_የኖርኩ
ጻፊልኝ። የልጆቼ የድሮ ቲዩቶችም ጎረቤት ጋ ተቀምጠዋል፤ ስትደርሱ አስወጥቼ እሰጥሻለሁ።